ቤተሰብ የሚችለው

ተማሪዎችን የኮሌጅ ምርጫ ቅጽ የማስሞላት ሥራ የተጣለብኝ ከስብሰባ በቀረሁበት ቀን ነው። በደርግ ጊዜ ከስብሰባ የቀረ መምህር ሁለት ነገር ይጠብቀዋል፤ ወይ ሂስ፣ ወይ ሌላው ሁሉ የሸሸው ሥራ። እኔን ወባ ይዞኝ ስለነበር ሂሱ ቀረልኝና ሥራው ደረሰኝ። የሒሳብ መምህርት ነበርኩ፤ ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ ተመድቤ ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ምክትል ርዕሰ መምህሩ የቅጾቹን ጥቅል ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ፣ «ጓድ፣ መደመርና መቀነስ ያንቺ ሥራ አይደል?» ብሎኝ ሄደ።

ነገሩ መደመርና መቀነስ ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት። ያኔ ለዩኒቨርሲቲ የሚከፈል ገንዘብ አልነበረም፤ መንግሥት ምግቡንም መኝታውንም ችሎ ያስተምራል። ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ሲደርስ ማሰቡን ያቆማል። ነገር ግን አንዱ ቦታ አራት ዓመት ነው፣ ሌላው ሁለት ዓመት፤ የመምህራን ማሠልጠኛው ደግሞ አንድ ዓመት ብቻ ሆኖ በየወሩ የኪስ ገንዘብ ይሰጣል፣ ዓመቱ ሲያልቅም ደመወዝ አለ። አንዱ ቦታ ብርድ ነው፣ አንዱ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ያስኬዳል። ሳሙናው፣ ጫማው፣ ደብተሩ፣ ብርድ ልብሱ የቤተሰብ ነው። ልጁ ሲሄድ ከማሳው ወይም ሸማኔ እግሩን ከሚከትበት የሸማ ጉድጓድ የሚጎድለውን እጅ ደግሞ ማንም አይቆጥረውም።

ይህን የተማርኩት ከካምባ ገጠር በመጣ አንድ ልጅ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ጥሩ ነጥብ አምጥቶ ዩኒቨርሲቲ ተመደበ። ቤተሰቡ መንግሥት ይችላል ሲባሉ ሁሉን የሚችል መስሏቸው ባንድ ሸሚዝ ላኩት። በሦስተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣ። ታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ ገበያ ላይ አገኘሁትና ሰላም ስለው አንገቱን ደፋ። ማንም አላባረረውም፤ ብርዱና እፍረቱ ናቸው ያባረሩት። በጣም ተናደድኩ። የተናደድኩት በእሱም በቤተሰቡም አይደለም፤ «ነጻ ነው፣ ሂድ» ባልነው በእኛ በመምህራኑ ነው። የሚያስጠላኝ ነገር ቢኖር ሳያሰላ የሚያበረታታ ሰው ነው፤ እኔም አንዷ ነበርኩ።

ስለዚህ አንድ ወረቀት አዘጋጀሁ። በስቴንስል ጽፌ በትምህርት ቤቱ ማባዣ አባዛሁት። በግራ በኩል የትምህርት ቦታዎቹ ዝርዝር፣ ከዚያ «መንግሥት የሚችለው» የሚል ዓምድ፣ ከዚያ «ቤተሰብ የሚችለው» የሚል ዓምድ። የመንግሥቱን እኔ ሞላሁት። የቤተሰቡን ተማሪዎቹ ቤታቸው ወስደው ከወላጆቻቸው ጋር ተመካክረው እንዲሞሉ ሰጠኋቸው። ሲመልሱልኝ ጎን ለጎን አይቼ፣ ለዚህ ቤት ይኼ ይቀላል፣ ለዚያ ቤት ያኛው ይቀላል እያልኩ የምርጫቸውን ቅደም ተከተል አብረን እንጽፋለን። በወረቀቱ ኮርቼ ነበር። እኔን አክስቴ ነች ችላ ያስተማረችኝ፤ በቤታችን «የቤት ኪራዩን ማን ይችላል? ዘይቱን ማን ይችላል?» ሲባል ነው ያደግኩት። መቻል ለእኔ ወጪውን መሸከም ነው፤ ወረቀቱን ስጽፍ ሌላ ትርጉም አልታየኝም።

ከተማሪዎቼ መካከል አንዲት የጨንቻ ልጅ ነበረች። አባቷ ሸማኔ ነው። እሷ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ አክስቷ ቤት ተቀምጣ ነው የምትማረው። በክፍል ውስጥ እጇን አታወጣም፤ ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ጽፌ ዞር ስል ግን መልሱን ደብተሯ ላይ ጨርሳ እጆቿን አጣጥፋ ተቀምጣ አገኛታለሁ። እንደዚህች ያለች ተማሪ በአንድ መምህር ዕድሜ ስንት ጊዜ ትመጣለች? መውደዴን ለመደበቅ አብዝቼ እቆጣት ነበር።

ወረቀቷን መለሰችልኝ። ማሠልጠኛው በተጻፈበት መስመር፣ ቤተሰብ የሚችለው በሚለው ዓምድ ሥር፣ «አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ጋቢ፣ የአውቶቡስ መሳፈሪያ» ይላል። ዩኒቨርሲቲው በተጻፈበት መስመር «ምንም» ይላል።

«ምንም? እንዴት ምንም ይሆናል?» አልኳት።

«አዲስ አበባ አጎት አለኝ፤ ሸማኔ ነው» አለች።

አመንኳት። ከጨንቻ ወጥቶ አዲስ አበባ ሸማ የሚሠራ ዘመድ የሌለው ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። እንግዲያው ዩኒቨርሲቲው ለዚህ ቤት ከማሠልጠኛውም ይረክሳል ማለት ነው፤ አጎትየው ሁሉን ይሸከማል፣ ከአባትየው የሚወጣ የለም። ደስ አለኝ። በምርጫው ቅጽ ላይ ዩኒቨርሲቲውን አንደኛ አድርጋ ጻፈች፣ ፈረመች፣ አክስቷም እንደ ወላጅ ሆና ፈረመች፣ ማኅተም ተመታበት።

ከሳምንት በኋላ፣ ቀኑ ማክሰኞ ነው፣ አንዲት ሴት ትምህርት ቤት ድረስ መጣች። ቤተሰቧ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ያለማል፤ ልጇ ተማሪዬ ነው። በዚያ አገር አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆነ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሴቷንም እንደ ወንድ ይጠራሉ፤ እኔንም እንደዚያው፤ ለምጄው ነበር።

«አስተማሪ» አለችኝ፣ «ሙዙን አሁን ላምጣልህ ወይስ ልጁ ሲሄድ?»

ጉቦ መሰለኝና ፊቴን አጨማደድኩ። «የምን ሙዝ ነው?»

«የጻፍነው ሙዝ ነዋ።»

ትዝ አለኝ። የልጇ ወረቀት ላይ፣ በሁሉም መስመር፣ ቤተሰብ የሚችለው በሚለው ሥር «ሙዝ» የሚል ተጽፎ ነበር። ልጁ ያሾፈብኝ መስሎኝ በቀይ ከብቤ «ቀልድ ትተህ ሥራህን ሥራ» ብዬ ጽፌበታለሁ።

«ቤተሰብ የሚችለው ምንድን ነው ብለህ ጠየቅህ» አለችኝ፤ ረጋ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው። «እኛ ገንዘብ አንችልም። ሙዝ እንችላለን። እሱን ጻፍ አልኩት።» ከዚያ ፊቴን አይታ ደነገጠች። «ነውር ጻፍን እንዴ?»

ነውር የለበትም አልኳት፤ ሙዙንም አያስፈልግም ብዬ ሸኘኋት። እኔ የጠየቅኩት ምን እንደሚጫንባቸው ነበር። እነሱ የመለሱልኝ አቅማቸው የሚፈቅደውን ነው። ሁለቱንም ያው አንድ ቃል ይችለዋል።

ወረቀቶቹን በሙሉ አውጥቼ አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። የሲቀላ ነጋዴዎች ልጆች እኔ እንዳሰብኩት ሞልተውታል። አንዳንዶቹ በየትኛውም ትርጉም ቢነበቡ የሚለወጥ ነገር የላቸውም። በመጨረሻ የጨንቻዋ ልጅ ወረቀት ላይ ደረስኩ። «ምንም።» ሳነበው ምንም አይወጣብንም የሚል ነበር። አሁን ያው ፊደል ምንም አቅም የለንም ይላል። ለማሠልጠኛው ብርድ ልብስና ጋቢና መሳፈሪያ እንችላለን፤ ለዩኒቨርሲቲው ምንም አንችልም።

ቅጾቹ ዓርብ ንጋት በአዲስ አበባው አውቶቡስ ሊሄዱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ተመድባ ሳትሄድ ብትቀር ማሠልጠኛውም አመለጣት ማለት ነው፤ ዕድሉ ያለፈበትን ሰው በሚቀጥለው ዓመት ማን ይሰማዋል። ብትሄድ ደግሞ የካምባው ልጅ ያንገቱ አደፋፍ ዓይኔ ላይ አለ። በእኔ ወረቀት፣ በእኔ ምክር።

በማግሥቱ አክስቷ ቤት ሄድኩ። ልጅቷ በር ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። እጄ ላይ ያለውን ወረቀት ስታይ እንዝርቷን አቆመች። እስከዚያ ጊዜ አልጠረጠርኳትም፤ የተሳሳተው አባትየው፣ ወይም እኔ፣ ወይም ቃሉ ነበር የመሰለኝ። እንዝርቷን እንዴት እንዳቆመች ሳይ ነው ነገሩ የበራልኝ።

«ይቺ ምንም ማለት ምን ማለት ነች?»

«አባቴ ያለውን ነው የጻፍኩት።»

«አባትሽ ምን ማለቱ ነበር?»

እንዝርቷን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ፣ «ለዩኒቨርሲቲ ምንም አንችልም ማለቱ ነው» አለች።

«እኔ እንዴት እንደማነበውስ?»

«አውቅ ነበር።» ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር። «ወረቀቱን ገና ሲሰጡን ቃሉ ሁለት ሆኖ ታየኝ። እርስዎ ባንዱ እንደሚሉት፣ አባቴ በሌላው እንደሚመልስ አወቅኩ። ዝም አልኩ።»

«አጎትሽስ?»

«አጎቴ አለ። ባንድ ክፍል ከስድስት ልጆቹ ጋር። ደብዳቤ ከጻፈልን ሁለት ዓመት ሆነው።»

ጮኽኩባት። ምን እንዳልኳት ሁሉንም አላስታውስም፤ ሌባ ለማለት ጥቂት ነው የቀረኝ። እሷ አንገቷን አልደፋችም። ስጨርስ፣ «ቲቸር፣ ሒሳብ መማር ነው የምፈልገው» አለችኝ። «ማሠልጠኛው አንድ ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የእድሜ ልክ ማባዛትና ማካፈል ነው።»

ሒሳብ አስተምሬያት ሒሳብ ስትወድ መቆጣቴ እኔንም አሳፈረኝ። ግን ፍርሃቴ ይበልጥ ነበር። አባትሽ ጋ ሄጄ ማስተካከል አለብኝ፣ ውሸት ላይ ቆመሽ አራት ዓመት አትማሪም አልኳት።

«እንግዲህ ሁሉንም ይንገሩት» አለች። እንዝርቷን አነሳች። ተስፋ የቆረጠች መሰለኝ።

ከዚያ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጋ ሄድኩ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ፈሪ ነበር፣ በዚያን ጊዜ ያልፈራ ማን አለ። «ማኅተም ከተመታበት በኋላ መሰረዝ አሻጥር ይባላል» አለኝ። የመንግሥት ሰነድ አበላሽታችኋል ተብሎ አውራጃ ድረስ መጠራት እንዳለ፣ ከዚያም ወዲያ ያለውን ማንም እንደማያውቅ አስረዳኝ። ብዙ ከለመንኩት በኋላ አንድ መንገድ ሰጠኝ፤ አዲስ ቅጽ ይሞላ፣ ግን አባትየው በገዛ እጁ ይፈርም። የአክስት ፊርማ አይቀበልም። ሐሙስ ማታ እጁ ካልገባ የቀድሞው እንዳለ ይሄዳል።

አዲሱን ቅጽ ያን ዕለት ከሰዓት አስሞላኋት። ማሠልጠኛውን አንደኛ አድርጋ ስትጽፍ ፊቷን አላየሁም፤ ማየት አልፈለግሁም። ከዚያ ወደ ጨንቻ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበርና ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ግድግዳ ተደግፌ ስጠብቅ፣ ስብሰባው በአንደኛው አጀንዳ ላይ እንዳለ እየሰማሁ፣ የምን ሥራ ነው ይህ እያልኩ ከራሴ ጋር ስጣላ ቆየሁ። ወረቀቱ ሲሰጠኝ «ለምን ጉዳይ» በሚለው ላይ «ለፊርማ» ተብሎ ተጽፎበታል።

ሐሙስ ጠዋት ጨው የጫነ መኪና አገኘሁና ከፊት ተቀመጥኩ። ሾፌሩ፣ «ስምንት ሰዓት ላይ ጥሩንባ ነፋሁ ማለት ተነሳሁ ማለት ነው፤ ዝናብ ከቀደመኝ እዚያው ነው የማድረው፣ አንቺም እዚያው ነሽ» አለኝ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል፤ ታች የተውነው ሙቀት በግማሽ ሰዓት ውስጥ የለም። እኔ ሐይቁንም ጫካውንም አላየሁም። የማየው ደመናውን ብቻ ነበር። እያንዳንዱን ጥቁር ጫፍ ስቆጥር ሾፌሩ ታዝቦኝ፣ «ደመና ስላየሽው አይበተንም» አለኝ።

ከመኪናው ወርጄ ቤቱን ለማግኘት በጭጋግ ውስጥ ተራመድኩ። ከእንሰቱ ኋላ የቀርከሃው ቤት ታየኝ። አባትየው በሩ አጠገብ፣ እግሩን ሸማው ጉድጓድ ውስጥ ከቶ፣ ተቀምጦ ይሠራ ነበር። ሲቀላ ገበያ ሸማ ሊሸጥ ሲመጣ አንድ ጊዜ ተያይተናል፤ አወቀኝ። አጠገቡ ሌላ የሸማ ጉድጓድ አለ፤ ክሩ የለበትም። የበኩር ልጁ ብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ነበር።

«አስተማሪ፣ ልጄ ታመመ እንዴ?»

ደህና ነች አልኩት። እፎይ አለ። ቆጮና ዳጣ አስቀረበልኝ፤ ከመብላታችን በፊት ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ። ጴንጤ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገ ወዲህ በሹክሹክታ መጸለይ ለምዷል፣ ከንፈሩ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። እኔ ዓይኔን አልጨፈንኩም፤ በበሩ ሰማዩን አያለሁ።

ነገሩን አስረዳሁት። አሁን ቃሉን ትቼ ዕቃውን ነው የቆጠርኩለት። ዩኒቨርሲቲው አራት ዓመት ነው፤ መኝታና ምግብ አለ፤ ከእናንተ ልብስ፣ ጫማ፣ ሳሙና፣ ደብተር፣ በዓመት አንዴ መጓጓዣ። ማሠልጠኛው አንድ ዓመት ነው፤ የኪስ ገንዘብም ይሰጣታል፣ ከዚያ ደመወዝ። እሱ ስቆጥር ጣቱን እያጠፈ ይከተለኛል። እኔ ምንም ያሉትን ምንም አይወጣም ብዬ አንብቤው ዩኒቨርሲቲውን አንደኛ አስደረግሁት፤ አሁን ላስተካክለው ነው የመጣሁት አልኩት።

«አራት ዓመት» አለ። ባዶውን ጉድጓድ አየ። «ከባድ ነው።»

«ከባድ ነው፣ አባባ። ስለዚህ ነው የመጣሁት።»

ቅጹን አንድ ጣውላ ላይ ዘርግቼ እስክሪብቶ ሰጠሁት። ጣቱን በቀለም ይነክር ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር። አልፈለገም። መሠረተ ትምህርት ገብቶ ፊደል ቆጥሯል፤ ስሙን መጻፍ ይችላል፤ የምስክር ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እጁን በነጠላው ጠረገ። የመጀመሪያዋን ፊደል ጻፈ፣ ራቅ ብሎ አያት። ሁለተኛዋን ጀመረ። ያን ጊዜ ከታች የመኪናው ጥሩንባ ተነፋ።

ሰውነቴ በሙሉ ወደ በሩ ዞረ። እሱ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ አነሳ።

«አስተማሪ» አለኝ፣ «ልጄ ይኼን አውቆ ነው የጻፈው ወይስ ተሳስቶ?»

ዓይኔን እያየ ነበር። ቁጣ የለበትም፤ ግን እኔ ቁጣ ነው የፈለግሁበት፣ አባት ሲጠይቅ ከኋላው ቁጣ አለ ብዬ። የልጅቷ ቀጥ ያለ ድምፅ ትዝ አለኝ። አባቷን እንዳታለለች ቢያውቅ፣ ከማሠልጠኛውም አስቀርቶ እዚህ ጭጋግ ውስጥ ጥጥ ሲያስፈትላት ታየኝ። ጥሩንባው ሁለተኛ ጊዜ ተነፋ።

«ተሳስታ ነው» አልኩት። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እሷ አታውቅም።»

«ተሳስቶ ነው» አለ ለራሱ። ከዚያ፣ «እንግዲያው ይስተካከል» አለና የቀሩትን ፊደላት ጻፈ። ቅጹን ደረቴ ውስጥ ከትቼ እየሮጥኩ ወረድኩ። ሾፌሩ እየሰደበኝ ጠበቀኝ። ዝናቡ መሀል መንገድ ላይ ያዘን፣ ሁለት ጊዜ ተንሸራተትን፣ እኔ ግን ቀለል ብሎኝ ነበር። ከሁለቱም አዳንኳት ብዬ አሰብኩ፤ ከችግርም ከአባቷ ቁጣም። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቅጹን ተቀብሎ ፊርማውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየና ከሌሎቹ ጋር ፖስታ ውስጥ ከተተው።

ዓርብ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ከሲቀላ ትምህርት ቤቱ እስካለበት እስከ ሴቻ ያለውን ዳገት በእግሯ ወጥታ ነበር፤ ላቧ ገና አልደረቀም።

«ፈረመ?» አለችኝ።

«ፈርሟል። በደህና አልቋል።»

«ነገሩት?»

«የአንቺን ነገር አላነሳሁም» አልኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነው። «አውቃ ነው ወይስ ተሳስታ ብሎ ጠየቀኝ። ተሳስታ ነው አልኩት። እንዳይቆጣሽ ብዬ ነው።»

ላቧን በእጇ ጠረገች።

«አባቴ ተቆጥቶኝ አያውቅም» አለች። «እኔም አንድ ነገር እፈልጋለሁ ብዬው አላውቅም። እንደሌለው ስለማውቅ አልጠይቀውም፤ እሱም እንደማልጠይቀው ያውቃል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው የሚጠይቀው፣ አውቃ ነው ወይ ብሎ። አውቃ ነው ካሉት መፈለጌን ያውቃል። ሁሉንም ይንገሩት ያልኩዎት ለዚህ ነው። አውቃ ነው ቢሉት ኖሮ አይፈርምም ነበር።»

እንዴት ብሎ ይችለው ነበር ልላት አፌን ከፈትኩ፤ የሸማ መሥሪያውን ሸጦም፣ ጎረቤቱን ለምኖም፣ ያ የእሱ ነገር እንደነበር ገባኝና ዘጋሁት። እኔ የመጣልኝን ሁሉ አስልቼ፣ ሰውየው ለልጁ ሲል የሚያደርገውን ብቻ ሳላስገባ ቀርቻለሁ። መፈለጓን ለማወቅ ብሎ ነው እስክሪብቶውን አንስቶ የጠየቀኝ።

ወደ ቢሮው ሮጥኩ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ፣ «አውቶቡሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የወጣው፤ አሁን ሦስት ሰዓት ነው» አለኝ። ስልክ ቢደወልስ አልኩት። ለማን ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቴን አይቶ ሳቁን ተወ።

ስወጣ እዚያው ቆማ ነበር። ባዶ እጄን ስታይ መልሱን አወቀች።

«ይተዉት፣ ቲቸር» አለችኝ። «ለእኔ ብለው ነው።»

እኔን ለማጽናናት ነው እንዲህ ያለችው። ብትቆጣኝ ኖሮ የምመልሰው አይጠፋኝም ነበር። አቀርቅሬ ቆምኩ፤ እሷ ነች ደህና ይዋሉ ብላኝ ዳገቱን የወረደችው። በመስከረም ወደ ማሠልጠኛው ስትሄድ አውቶቡስ ተራ መጥቼ እሸኝሻለሁ ብያት ነበር። አልሄድኩም።